ሕዝቡ መጣ፤ ገበያውስ?

ክቡራትና ክቡራን፤

በትንሽ ከተማ መንገድ ላይ በጋራ ከተከበረ በዓል ማግስት ሁለት ዓይነት ወሬ ይሰማል። አዘጋጅ ኮሚቴው «መንገዱ በሰው ጢም ብሎ ዋለ» ይላል። ባለሱቁ ደግሞ «ከተራ ቅዳሜ ያነሰ ሸጥኩ» ይላል። ሁለቱም አልዋሹም። መንገዱ ከማለዳ ጀምሮ ለመኪና ስለተዘጋ የዘወትር ደንበኛው ሳይመጣ ቀርቷል። ከሌላ ከተማ የመጣ ነጋዴ ለሱቁ መስኮት ጀርባውን ሰጥቶ ድንኳኑን ተክሏል። ሕዝቡ በቀጥታ ወደ መድረኩ ሄዶ፣ ጨፍሮ፣ በመጣበት መንገድ ተመልሷል። በሺህ የሚቆጠር ሰው በደጅ አለፈ፤ ደፉን የረገጠው ግን ጥቂት ነው።

ስለዚህ በዓልን በጋራ ማክበር ለትንሽ ከተማ ይጠቅማል አይጠቅምም በሚለው ጊዜ አናጠፋም። ይጠቅማል። ጥቅሙ ግን በራሱ አይመጣም። በደጅ የሚያልፈው ሰው እንዴት ወደ ውስጥ እንደሚገባ፣ የገባው ገንዘብ ስንት ቀን እንደሚቆይ፣ በቀጣዩ ሳምንት ማን ተመልሶ እንደሚመጣ የሚወሰነው በዓሉ ከመድረሱ ከወራት በፊት፣ በእርሳስና በሜትር ነው።

ገንዘቡ ከየት መጥቶ ወዴት እንደሚሄድ በመከተል እንጀምር። አንድ ኮሚቴ ለበዓሉ 100 አወጣ እንበል፤ ገንዘቡ የየትኛውም አገር ይሁን። ድንኳኑን፣ ድምፅ ማጉያውን፣ ባነሩንና መስተንግዶውን ከትልቁ ከተማ ካመጣ፣ 80ው የዚያኑ ዕለት ማታ ከጭነት መኪናው ጋር ተሳፍሮ ይሄዳል። የቀረችው 20 ናት። የደረሳቸው ሰዎች ግማሹን እዚያው ከተማ ውስጥ ቢያወጡ ሌላ 10 ትጨመራለች። 100፣ 20 እና 10 ሲደመሩ 130፤ ለ100 ሲካፈል 1.3። ሌላው ኮሚቴ ግን ማተሚያ ቤቱን፣ አናጺውን፣ የመብራት ሠራተኛውንና ምግብ አዘጋጁን ከዚያው ከከተማው ቢይዝና 60 ቢያስቀር፣ በቀጣዩ ዙር 30 ይጨመርለታል። ድምሩ 190፣ ውጤቱ 1.9 ነው፤ ቁጥሩ በጨመረ መጠን ገንዘቡ ከተማው ውስጥ የበለጠ ዞሯል ማለት ነው። ይህ ባለ ሦስት ዙር ስሌት ኤልኤም3 (Local Multiplier 3) ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ የለንደኑ የጥናት ተቋም ኒው ኢኮኖሚክስ ፋውንዴሽን ያወጣው ነው። ለመሥራት የሂሳብ አዋቂ መሆን አያስፈልግም። ደረሰኞቹን «የከተማችን» እና «የውጭ» ብሎ ለሁለት መክፈል፣ ከዚያም ገንዘብ የተከፈላቸውን ሰዎች «ከዚህ ስንቱን እዚሁ አወጣችሁት?» ብሎ መጠየቅ ነው።

ሁሉም ነገር ከከተማው ይገዛ ማለት አይደለም። ትልቅ ድምፅ ማጉያ ከተማው ውስጥ ከሌለ ከሌላ ቦታ ይመጣል፤ አማራጭ የለም። ነገር ግን ከውጭ የመጣው አቅራቢ በትንሹ ረክሶ ስለተገኘ ብቻ የከተማውን ማተሚያ ቤት ያለፈ ኮሚቴ፣ በሚቀጥለው ወር ለስፖንሰርነት የሚለምነው ያንኑ ያለፈውን ማተሚያ ቤት መሆኑን አይርሳ።

ሁለተኛው የሂሳብ ስህተት ከዚህ ይከፋል፤ የመጣውን ሰው ሁሉ እንደ አዲስ ገቢ መቁጠር። የቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ዩኒቨርሲቲው ጆን ክሮምፕተን በዚህ ጉዳይ ላይ ለዓመታት ጽፈዋል፤ የሚያስቀምጡትም ማጣሪያ ቀላል ነው። የከተማው ነዋሪ ያወጣው ገንዘብ ያለ በዓሉም እዚያው ይወጣ ስለነበር አይቆጠርም። ለዘመድ ጥየቃ ሊመጣ አስቦ ቀኑን ብቻ ወደ በዓሉ ያዞረ ሰውም አይቆጠርም። ለሌላ ጉዳይ ከተማው ውስጥ ተገኝቶ በአጋጣሚ የገባውም እንዲሁ። 3,000 ሰው ቢመጣና 1,800ው ነዋሪ ቢሆን፣ ከቀሪው 1,200 ደግሞ 300ው ያለ በዓሉም የሚመጣ ቢሆን፣ አዲሱ ገቢ የሚሰላው በ900 ሰው ነው። እኔ ግን አንድ ነገር እጨምርበታለሁ። ለበዓል ዕቃ ሊገዛ ወደ ትልቁ ከተማ ይሄድ የነበረ ነዋሪ እዚሁ ከቀረ፣ የእሱ ገንዘብ ሊፈስ ሲል የተያዘ ስለሆነ መቆጠር አለበት። ለትናንሽ ከተሞች ከእንግዳው ገንዘብ ይልቅ ይህኛው የሚበልጥበት ጊዜ ብዙ ነው።

የሰው ቁጥርን ካነሳን አይቀር፣ ቁጥሩንም በግምት አትናገሩ። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በአሜሪካው በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ጋዜጠኝነት ያስተምሩ የነበሩት ኸርበርት ጄኮብስ ከመስኮታቸው ሆነው ሰልፈኛውን ይቆጥሩ የነበረው አደባባዩ በካሬ የተከፋፈለ ስለነበር ነው። አንዱን ካሬ ቆጥሮ በካሬዎቹ ብዛት ማባዛት። በእሳቸው ልኬት ዘና ብሎ የቆመ ሕዝብ ለአንድ ሰው 0.9 ካሬ ሜትር ገደማ፣ ተጠጋግቶ የቆመ ደግሞ 0.4 ገደማ ይይዛል። 200 ሜትር ርዝመትና 10 ሜትር ስፋት ያለው መንገድ 2,000 ካሬ ሜትር ነው፤ ጥቅጥቅ ቢልም 5,000 ሰው ነው የሚይዘው። «20 ሺህ ሰው ወጣ» ብሎ ለስፖንሰር የጻፈ ኮሚቴ፣ ስፖንሰሩ ሜትር ይዞ የመጣ ዕለት ያፍራል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ፣ ወደ አቀማመጡ እንምጣ። መድረኩን የት ትተክላላችሁ? ልማዱ ሰፊ ቦታ ያለበት የመንገዱ ጫፍ ነው፤ እሱ ባልከፋ። ስህተቱ ሰውን የሚስበው ነገር ሁሉ እዚያው ጫፍ ላይ መከማቸቱ ነው። መድረኩ በአንዱ ጫፍ ከሆነ የልጆች መጫወቻው በሌላኛው ጫፍ ይሁን። ቤተሰብ ቢያንስ ሁለት ጊዜ የመንገዱን ርዝመት ይመላለሳል። መጸዳጃውና መቀመጫው መሃል ላይ ይሁኑ። ልብ በሉ፣ መቀመጫ የሌለበት በዓል ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ አዛውንቶችንና ሕፃን ያዘሉ እናቶችን ወደ ቤት ይመልሳል። ከእነሱ ጋር ደግሞ ለቤተሰቡ የሚገዛው ሰው አብሮ ይሄዳል።

ድንኳኖቹን በምሳሌ እንያቸው። ከሱቅ ፊት እስከ ሱቅ ፊት 14 ሜትር ስፋት ያለው መንገድ አላችሁ እንበል። 3 በ3 ሜትር የሆኑትን ድንኳኖች በአንዱ ዳር ብትደረድሩ የዚያን ወገን ሱቆች በሙሉ ትጋርዳላችሁ። ልክ መሃል ላይ ብታደርጓቸው በግራም በቀኝም 5.5 ሜትር ይተርፋል፤ ያምራል፤ ግን ለእሳት አደጋ መኪና ይጠብባል። በብዙ ቦታ የሚጠየቀው ያልተዘጋ መተላለፊያ ወደ 6 ሜትር ነው። ስለዚህ ረድፉን ከመሃል ትንሽ ወደ አንድ ወገን ግፉት፤ በአንዱ በኩል 6.5፣ በሌላው 4.5 ሜትር ይቀራል። በየአምስት ድንኳኑ መካከል 3 ሜትር ክፍተት ተዉ፤ ሰው ከወዲህ ወዲያ እንዲሻገር፣ እሳት ቢነሳም ከረድፉ ጫፍ እስከ ጫፍ እንዳይዘልቅ። የድንኳኑ ፊት ምንጊዜም ወደ ሱቆቹ ይዙር። ያኔ ገዢው በድንኳንና በሱቅ መካከል ይሄዳል፤ አንድ ዓይኑ እዚህ፣ አንድ ዓይኑ እዚያ።

አንድ የማይታለፍ ደንብ ጨምሩበት፦ አንድ ሱቅ የሚሸጠውን ዕቃ የሚሸጥ ድንኳን በሱቁ ፊት አይተከልም። የድንኳን ቦታም መጀመሪያ ለከተማው ነጋዴዎች ይቅረብ። ለምሳሌ ለሦስት ሳምንት ለእነሱ ብቻ ክፍት ሆኖ ይቆይ፣ ከዚያ ለውጭ ሰው ይከፈት። የኪራይ ዋጋውም ለከተማው ነጋዴና ለውጭ ሰው የተለያየ ይሁን። ዝናብ ቢዘንብ ገንዘብ ይመለሳል ወይስ አይመለስም የሚለው ከክፍያው በፊት በጽሑፍ ይቀመጥ። ይህች አንዲት መስመር ሳትጻፍ ቀርታ ስንቱ ኮሚቴ ተበትኗል።

ድንኳን ስትተክሉ ንፋስን አትናቁ። 3 በ3 የሆነ ድንኳን ንፋስ ከሥሩ ሲገባበት እንደ ጃንጥላ ይነሳል። ለእያንዳንዱ እግር ቢያንስ 20 ኪሎ ክብደት ይያዝለት። ሰው የሚያደርገው ግን ባለ 5 ሊትር የውሃ ዕቃ ማሰር ነው፤ 5 ሊትር ውሃ 5 ኪሎ ነው፤ ምንም አይዝም። በውሃ የተሞላ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ግን ልኩ ነው። ገመዱ የሚታሰረው ከላይ፣ ከጣሪያው ማዕዘን ነው፤ እግሩ ላይ የተደገፈ ጀሪካን ድንኳኑ ሲነሳ መሬት ላይ ይቀራል።

መብራት ላይ ደግሞ በየዓመቱ የሚደጋገም አንድ ትዕይንት አለ። የክብር እንግዳው ንግግር ሲጀምሩ ድምፅ ማጉያው ይጠፋል። ምክንያቱ ቀላል ነው። ባለ 16 አምፔር መስመር በ220 ቮልት 3,520 ዋት ነው የሚሸከመው። ሁለት ትኩስ መጠጥ ሻጮች በአንድ ማከፋፈያ ላይ እያንዳንዳቸው 2,000 ዋት የሚወስድ የውሃ ማፍያ ሲሰኩ 4,000 ሆነ፤ ብሬከሩ ወረደ፤ ድምፁም በዚያው መስመር ላይ ነበረና አብሮ ወረደ። የድምፁ መስመር ከምግብ ሻጮች ለብቻው ይሁን። ሻጮች ሲመዘገቡ ስንት ዋት ዕቃ እንደሚያመጡ ቅጹ ላይ ያስፍሩ፤ ያላስፈሩትን ዕቃ አይሰኩም። የተጠቀለለ ረጅም ገመድ ላይ ከባድ ዕቃ የሚሰካ ካለ ደግሞ ገመዱን ሙሉ በሙሉ ይዘርጋው። ተጠቅልሎ ሲሠራ ሙቀቱ መውጫ አጥቶ ፕላስቲኩን ያቀልጠዋል።

ስለ ግፊያ አጭር ግን ከባድ ነገር ልናገር። በአንድ ካሬ ሜትር ሁለት ሰው ሲሆን ሕዝብ እንደልቡ ይንቀሳቀሳል። ከአራት ሲያልፍ ጥንቃቄ ይጠይቃል፤ አምስትና ከዚያ በላይ ሲሆን ሰው በራሱ እግር መሄዱ ቀርቶ ግፊቱ የሚወስደው ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2010 በጀርመኗ ዱይስቡርግ በተደረገው የሙዚቃ ፌስቲቫል 21 ሰዎች የሞቱት የሚገባውና የሚወጣው ሕዝብ በአንድ መንገድ ተገናኝቶ ስለተጨናነቀ ነው። መግቢያና መውጫ ይለያዩ። የብሪታኒያ የስታዲየም ደህንነት መመሪያ በደልዳላ መሬት ላይ ለ1 ሜትር ስፋት በደቂቃ 82 ሰው ይላል። 4 ሜትር መውጫ ካላችሁ በደቂቃ 328 ሰው ያሳልፋል፤ 3,000 ሰው በ9 ደቂቃ ገደማ ይወጣል። ማታ ላይ አንድ ሻጭ ጠረጴዛውን እዚያ አፍ ላይ አስጠግቶ 1.5 ሜትር ብቻ ቢያስቀር ግን ያው ሕዝብ ከ24 ደቂቃ በላይ ይፈጅበታል። ያን ጠረጴዛ የሚያነሳ፣ ስሙ የታወቀ አንድ ሰው መመደብ አለበት።

አቀማመጡ ከተስተካከለ ቀጥሎ የሚያበላሸው የዝግጅቱ ሰዓት ነው። መድረኩ ላይ አንዱ ወርዶ ወዲያው ሌላው ከወጣ ሕዝቡ ከቦታው አይነቃነቅም። «ቦታዬን ይይዙብኛል» ይላል። በዝግጅቶች መካከል 40 ደቂቃ ባዶ ጊዜ ተዉ። መድረክ አስተባባሪዎች ይህን አይወዱትም፤ ባዶ መድረክ ውድቀት ይመስላቸዋል። ባለሱቁ ግን የሚሸጠው በዚያች 40 ደቂቃ ነው። አስተዋዋቂው «አትሂዱ፣ ተመልሰን እንመጣለን» ማለቱን ትቶ «ቀጣዩ በ10 ሰዓት ነው፤ እስከዚያ ሱቆቹ ክፍት ናቸው» ይበል።

ሱቁ ውስጥ ያለውን ሥራ ደግሞ በሰከንድ እንለካው። አንድን ደንበኛ ለማስተናገድ 90 ሰከንድ የሚፈጅ ሻጭ በሰዓት 40 ሰው ያስተናግዳል፤ በ5 ሰዓት 200። ወደ 30 ሰከንድ ካወረደው በሰዓት 120፣ በ5 ሰዓት 600 ይሆናል። ልዩነቱን የሚያመጣው የእጅ ፍጥነት አይደለም። የምርጫው ዝርዝር ከሃያ ወደ አምስት መውረዱ፣ ዋጋው ከሩቅ በሚነበብ ትልቅ ጽሑፍ መለጠፉ፣ ዋጋዎቹ ድቃቂ ሳንቲም የማይጠይቁ መሆናቸው፣ ገንዘብ የሚቀበለውና ዕቃ የሚሰጠው ሰው መለየታቸው ነው። ዝርዝር ገንዘብ ከበዓሉ ሁለት ቀን በፊት ይዘጋጅ፤ በዕለቱ ጎረቤትም የለውም።

እንግዳ በእጁ ልጅ ይዟል፣ ሊበላ የገዛውን ይዟል፤ ስለዚህ የሚገዛው በፌስታል የሚንጠለጠል ነገር ነው። አልጋ ሻጭ በበዓል ቀን አልጋ አይሸጥም። ታዲያ ምን ይሥራ? ኩፖን ይስጥ። ኩፖኑ ግን በዕለቱ እንዳይሠራ አድርጉት፤ ከቀጣዩ ሰኞ ጀምሮ ለ30 ቀን ብቻ ያገልግል። በዕለቱ ቅናሽ ማድረግ ለማንኛውም ሊገዛ ለመጣ ሰው ገንዘብ መመለስ ነው። ከሰኞ ጀምሮ የሚሠራ ቅናሽ ግን ሰውየውን ዳግመኛ ያመጣዋል፤ ኩፖኑ ላይ ቁጥር ካለም ስንቱ እንደተመለሰ ይቆጠራል።

የማኅተም ካርድም ጥሩ መሣሪያ ነው፣ በአግባቡ ከተሠራ። ጎብኚው በየሱቁ እየገባ ካርዱ ላይ ማኅተም ያስመታል፤ የሞላ ካርድ ዕጣ ውስጥ ይገባል። የሚበላሸው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛ፣ ኮሚቴው ማንንም ላለማስከፋት 20 ሱቅ ካርዱ ላይ ያሰፍራል፤ የሚሞላው ሰው ይጠፋል። 12 ሱቅ ጻፉ፣ ከመካከላቸው ማንኛውንም 6 ያስመታ ሰው ይበቃዋል በሉ። ሁለተኛ፣ ባለሱቁ እንዲቀልለው ማኅተሙን በር ላይ ያስቀምጣል፤ ሰውም በሩ ላይ አስመትቶ ይሄዳል። ማኅተሙ ከሱቁ መጨረሻ ይቀመጥ። ግዢ ግን አታስገድዱ፤ ካስገደዳችሁ ልጆች ይቀራሉ፤ ወላጅን ጎትተው የሚያስገቡት ደግሞ ልጆች ናቸው።

መቼ ይደረግ ለሚለው ጥያቄ የአውስትራሊያዋን ፓርክስ ማንሳት እወዳለሁ። በኒው ሳውዝ ዌልስ የምትገኝ፣ ከ10 ሺህ በጥቂቱ የሚበልጥ ሰው የሚኖርባት የገበሬ ከተማ ናት። በጥር፣ በበጋው ትኩሳት፣ ሆቴሎቿ ባዶ ይሆናሉ። እ.ኤ.አ. በ1993 ነዋሪዎቿ የአሜሪካዊውን ዘፋኝ የኤልቪስ ፕሪስሊን ልደት ምክንያት አድርገው ወደ 200 ሰው የተገኘበት ዝግጅት አደረጉ። ዛሬ ከ20 ሺህ የሚበልጥ እንግዳ ይመጣል፤ ሆቴሎቹ ስለማይበቁ ነዋሪዎች የቤታቸውን ክፍል ያከራያሉ። ኤልቪስ ፓርክስን ረግጧት አያውቅም። ሰዎቹ ያዩት የዘፋኙን ታሪክ ሳይሆን የገበያቸውን ባዶ ወር ነው። የበዓሉ ቀን የማይነቃነቅ ከሆነም ከፊቱ ያለው ሳምንት አለ፣ ከኋላው ያለው ሳምንት አለ። በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት ያለችው ሌቨንወርዝ ባቡሩና የእንጨት ሥራው ጥለዋት ከሄዱ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ራሷን በጀርመኗ ባቫሪያ መንደር መልክ ሠራች፤ በገና መብራቷም ታወቀች። የአንድ ምሽት መብራት የአንድ ምሽት ግፊያ ነው፤ ለሳምንታት የሚበራ መብራት ግን ሆቴሉንም ሱቁንም በየቀኑ ያጎርሰዋል።

በዓል ብቻውን ከተማ አያቆምም። በአሜሪካ ታሪካዊ ቅርሶችን የሚጠብቀው የናሽናል ትረስት ተቋም እ.ኤ.አ. በ1977 በጌልስበርግ፣ በሆት ስፕሪንግስና በማዲሰን ከተሞች የሙከራ ሥራ ጀምሮ በ1980 የከተማ መሃል መንገዶችን የሚያነቃቃውን፣ ሜይን ስትሪት የሚባለውን ፕሮግራም ሲያቋቁም በአራት እግር አቆመው፤ አደረጃጀት፣ ማስተዋወቅ፣ የሕንፃና የመንገድ ገጽታ፣ ኢኮኖሚ። በዓል ያለው በማስተዋወቁ ሥር ነው፤ ከአራቱ አንዱ ማለት ነው። የፈረሰ የእግረኛ መንገድና ጨለማ የሱቅ መስኮት ያለው ከተማ ሺህ እንግዳ ሲጠራ፣ ፍርስራሹን ለሺህ ሰው ማሳየቱ ነው።

ሰዎቹስ? በትንሽ ከተማ በዓሉን የሚሸከሙት ያው አምስት ሰዎች ናቸው፤ በአራተኛው ዓመት ይደክማሉ፣ ይኮራረፋሉ፣ በዓሉም አብሯቸው ይቀራል። ለእያንዳንዱ ኃላፊነት ምክትል መድቡ፤ ምክትሉ በቀጣዩ ዓመት ኃላፊ ይሁን። የስልክ ቁጥሮች፣ የመንገዱ ንድፍ፣ የውል ቅጂዎች በአንድ ፋይል ውስጥ ይቀመጡ፤ ፋይሉም ከሰው ቤት ይልቅ ቢሮ ውስጥ ይደር። ኮሚቴው ዓመቱን ሙሉ ከነጋዴው፣ ከማዘጋጃ ቤቱና ከትምህርት ቤቱ ጋር ተነጋግሮ ስለሚሠራ፣ ጎርፍ ቢመጣ ወይ እሳት ቢነሳ ማን ጀሪካን እንዳለው፣ ማን ጀኔሬተር እንዳለው ይታወቃል። ይህ በየትኛውም ሂሳብ ላይ አይታይም፤ ለእኔ ግን ከትርፉ አያንስም።

ጽዳቱ በዚያው ሌሊት ይለቅ። ባለሱቁ ጠዋት በሩን ሲከፍት የሚያገኘው የሰው ቆሻሻ ከሆነ፣ ያለፈውን ቀን ሽያጭ ሁሉ ያስረሳዋል።

ልኬቱን በተመለከተ፣ የበዓሉን ቀን ብቻ አትዩ። አንድ ሱቅ ያለፉትን አራት ቅዳሜዎች በአማካይ 100 ሸጧል እንበል። በበዓሉ ቅዳሜ 180 ሸጠ፤ ቀጥሎ ባሉት ሦስት ቅዳሜዎች 85፣ 80፣ 95። በዕለቱ 80 አተረፍኩ ብሎ የጨፈረው ሰው እውነተኛ ጭማሪው 40 ነው፤ ቀሪው ከሚቀጥሉት ሳምንታት የተበደረው ነው። ጎረቤቱ በበዓሉ 90 ሸጠ፤ አማረረ። ቀጥሎ ግን 110፣ 112፣ 108 ሸጠ። እሱም 20 ጨምሯል፤ አላወቀም እንጂ። ነጋዴ የሽያጩን መጠን ለማንም አይናገርም፤ መብቱም ነው። ስለዚህ ያለፈውን አማካይ 100 አድርጎ የቀሩትን በዚያው ልክ እንዲጽፍ፣ ስም በሌለው ፖስታ አሽጎ እንዲሰጥ ጠይቁት።

የግምገማ ስብሰባውን ከበዓሉ በኋላ በ10 ቀን ውስጥ አድርጉት፤ ከዚያ ካለፈ ሰው ይረሳል፣ ወይም ቂሙ ይጠነክራል። ከስብሰባው በፊት ግን በዕለቱ ዘግተው የዋሉትን ሱቆች በየደጃቸው ሄዳችሁ ጠይቋቸው። የመንገዱን ንድፍና እርሳስ ይዛችሁ ሂዱ፤ አብዛኛው መልስ «ያ ድንኳን እዚህ ጋ ነበር» የሚል ስለሚሆን እዚያው በራቸው ላይ ቆማችሁ ታርሙታላችሁ።